የሪሞት መኪና ሊፖ ባትሪ፦ ሞልታችሁ አታስቀምጡት

ጎጃም ውስጥ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ይታወቃል። ስልክ ይሰካል፣ ፓወር ባንክ ይሰካል፣ የእጅ ባትሪ ይሰካል። መቼ ተመልሶ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ጢም ብሎ ይሞላል። ልማዱ ብልህነት ነው። ለሪሞት መኪና ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ግን ገዳዩ ይኸው ልማድ ነው። ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ያበጠ ሊፖ የያዘ ልጅ ካያችሁ "ስንት ጊዜ ነዳኸው?" አትበሉት። "ሞልተኸው ስንት ቀን ተቀመጠ?" በሉት። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ዕቃው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው፣ ወይ ከአዲስ አበባ በአደራ። አንዱ ሲያብጥ ምትኩ እስኪመጣ መኪናው ቆሞ ይከርማል። ስለዚህ ያለውን ማቆየት ይሻላል።

ቁጥሮቹን በቃል ያዙ

ሊፖ የተሠራው ከሴሎች ነው። ባትሪው ላይ 2ኤስ ካለ ሁለት ሴል፣ 3ኤስ ካለ ሦስት ሴል ተያይዞበታል። አንዱ ሴል ሞላ የሚባለው 4.2 ቮልት ሲደርስ ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ተቀምጦ ሲቆይ የሚስማማው 3.8 ወይም 3.85 ነው። ስትነዱ 3.5 አካባቢ ሲደርስ አቁሙ። ከ3.0 በታች ከወረደ ተጎድቷል።

ይህን ወደ ሙሉ ባትሪ ስንመልሰው፣ 2ኤስ ሲሞላ 8.4፣ ሲቀመጥ ከ7.6 እስከ 7.7፣ መንዳት ሲያቆም 7.0 ነው። 3ኤስ ሲሞላ 12.6፣ ሲቀመጥ ከ11.4 እስከ 11.55፣ መንዳት ሲያቆም 10.5 ነው። ልባሱ ላይ በትልቁ የተጻፈው 7.4 ወይም 11.1 አማካዩ ነው። ቴስተር 7.4 ሲያሳየው "ሞልቷል" ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል።

ኤችቪ የሚል ጽሑፍ ያለበት ሊፖ እስከ 4.35 ይሞላል። ቻርጀራችሁ ይህን ለይቶ የማያውቅ ከሆነ እንደ ተራው በ4.2 አቁሙት። ትንሽ ጉልበት ይቀርበታል እንጂ አይጎዳም።

ሞልቶ ሲቀመጥ ምን ይሆናል? በ4.2 ቮልት ላይ ያለ ሴል እረፍት የለውም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ከኤሌክትሮዱ ጋር እየተነካካ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ ጋዝ ይወጣዋል። ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ክብ ሴሎች የብረት ልባስ አላቸው። ሊፖ ያለው ስስ ከረጢት ነው፤ ስለዚህ ጋዙ ያሳብጠዋል። ሙቀት ካገኘ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይፈጥናል።

ባዶ ሆኖ መቀመጡም ሌላ ጣጣ አለው። ሴሉ በጣም ሲወርድ ውስጡ ያለው የመዳብ ቅጠል መሟሟት ይጀምራል። መልሳችሁ ስትሞሉት የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይረጋል፤ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። "የሞተውን ሊፖ በቻርጀሩ የኒኬል ባትሪ ፕሮግራም ትንሽ ቀስቅሰውና ወደ ሊፖ ፕሮግራም መልሰው" የሚለውን ምክር የማልወደው ለዚህ ነው። አዎ፣ ይነሳል። ሌሊት ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ግን ማንም ዋስ አይሆንም።

ቦታ ምረጡ

አልጋ፣ ሶፋ፣ ምንጣፍ አይሆንም። ሊሾ ወለል ወይም ሴራሚክ ካለ እሱ ላይ ይሁን። በረንዳ ካለ፣ ዝናብና ፀሐይ እስካልነካው ድረስ ከሁሉም ይሻላል።

ወለሉን ስታዩ ቀና ብላችሁ ጣራውንም እዩ። በብዙ ቤቶቻችን ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ሊፖ ሲነድ ነበልባሉ እንደ ችቦ ወደ ላይ ይተፋል። ከጨርቅ ኮርኒስ ሥር፣ ከመጋረጃ አጠገብ፣ ከተከመረ ልብስ ጎን አትሰኩ። የበዓል ሰሞን ደግሞ የተጎዘጎዘው ቄጠማ በማግስቱ ይደርቃል። እሱንም ጠርጉት።

የሊፖ ቦርሳ የሚባል እሳት የሚያዘገይ ከረጢት አለ። ያዘገያል እንጂ አያስቆምም። እኔ የምመርጠው አሮጌ የሸክላ ድስት ነው። ከሥሩ አራት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ ይደረግበታል፣ ባትሪው እላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ሽቦው በአፉ በኩል ይወጣል፣ ክዳኑ ገርበብ ይላል። ክዳኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትግጠሙት፤ ጋዝ መውጫ ሲያጣ ድስቱን ይሰብረዋል። አሸዋው ግንባታ ካለበት ሰፈር ጥቂት ተለምኖ ይገኛል፤ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ድስቱን ግን የቤቱን እመቤት ሳታስፈቅዱ አትውሰዱ። ከሊፖ እሳት የባሰ ይመጣል።

ሌላው የሚረሳ ነገር የእንጀራ ምጣድ ነው። ምጣድ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ቻርጀር አትጨምሩ። ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ማከፋፈያው ይግላል፣ ቮልቱም ይወርዳል።

አሞላሉ በቅደም ተከተል

ከዚህ በታች የምለው በየቦታው ለሚገኘው ቢ6 ዓይነት ቻርጀር ነው። ሌሎቹም ብዙ አይለዩም። የስልክ ቻርጀር፣ የላፕቶፕ አዳፕተር፣ "ሁሉንም ይሞላል" ተብሎ የሚሸጥ መቆንጠጫ ቻርጀር ለሊፖ አይሆኑም። ሴሎቹን አንድ በአንድ እያየ ቮልታቸውን የሚያስተካክል ቻርጀር የግድ ነው።

1. ባትሪውን በእጃችሁ ዳስሱት። አብጧል? ጥጉ ተጣሟል? ልባሱ ተበስቷል? እንደ ጥፍር ቀለም ያለ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል? ከነዚህ አንዱ ካለ አይሰካም። ከመንዳት የመጣና የሞቀ ከሆነም እስኪበርድ ይጠብቅ።

2. የእያንዳንዱን ሴል ቮልት እዩ። ትንሿ የሊፖ መለኪያ ካለቻችሁ የባትሪው ቀጫጭን ሽቦዎች በሚገቡበት ነጩ ሶኬት ላይ ትሰካለች፤ ከሌለች ቴስተር ይበቃል። 2ኤስ ሦስት ቀጭን ሽቦ፣ 3ኤስ አራት ቀጭን ሽቦ አለው። በጎረቤታሞቹ ሁለት ሽቦዎች መካከል የምታነቡት የአንድ ሴል ቮልት ነው። የቴስተሩ ሁለት ጫፍ ነጩ ሶኬት ውስጥ እንዳይነካካ ተጠንቀቁ። አንዱ ሴል ከሌላው ከ0.1 ቮልት በላይ ከራቀ ተጠራጠሩት። ከ3.0 በታች የወረደ ካለ እዚሁ አቁሙ።

3. ቻርጀሩን አስቀድማችሁ መብራት ላይ ሰኩት። ቀጥሎ ወፍራሙን የመሙያ ሽቦ ቻርጀሩ ላይ፣ በመጨረሻ ባትሪውን። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። ሽቦው መጀመሪያ ባትሪው ላይ ከተሰካ፣ በሌላው ጫፍ ያሉት ሁለት ራቁት ብረቶች ተነካክተው እሳት ያፈናጥራሉ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ነጩ የባላንስ ሶኬትም ይሰካ። "ዛሬ ቸኩያለሁ" ብሎ እሱን መዝለል የለም።

4. ፕሮግራሙን ሊፖ አድርጉ። ሊፌ፣ ሊዮን፣ ኒኬል የሚሉት የሌላ ዓይነት ባትሪ ፕሮግራሞችም ጎን ለጎን ስላሉ አንብባችሁ ምረጡ። ከሊፖ ሥር ባላንስ የሚለውን ውሰዱ።

5. የመሙያውን አምፔር ቻርጀሩ ላይ አስገቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፔር አወር ለ1000 አካፍሉ። 5000 ከሆነ 5 አምፔር፣ 2200 ከሆነ 2.2 አምፔር። ይህ አንድ ሲ ይባላል። አንዳንዱ ባትሪ በሁለትና በሦስት ሲ እንደሚሞላ ተጽፎበታል፤ ይችላል ማለት ይገባዋል ማለት አይደለም። ካልቸኮላችሁ እንዲያውም ቀንሱት፣ ዕድሜ ይጨምርለታል። ልባሱ ላይ 50ሲ ምናምን የሚለው የመንዳት ጉልበቱን ነው፣ ከመሙላት ጋር አይገናኝም።

6. ማስጀመሪያውን (ስታርት) ቁልፍ ተጭናችሁ ስትይዙ ቻርጀሩ የሴል ቁጥር ያሳያል፤ በአንድ በኩል ራሱ ያገኘውን፣ በሌላ በኩል እናንተ ያስገባችሁትን። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አትቀጥሉ። 2ኤስን እንደ 3ኤስ መሙላት እሳት መጥራት ነው።

7. ከጀመረ በኋላ እዚያው አካባቢ ሁኑ። ቡና እየጠጣችሁ መጠበቅ ይቻላል፤ ገበያ መውጣት ግን አይቻልም፣ መተኛትም አይቻልም። በየመሀሉ ዳስሱት። በአንድ ሲ የሚሞላ ጤነኛ ሊፖ ለብ ቢል እንጂ አይሞቅም። እጅ ላይ ከሞቀ ወይም ሆዱ ከተነፋ አቁሙት።

8. ሲጨርስ ሁሉም ሴል 4.2 አካባቢ መሆኑን እዩ። ባትሪውን አስቀድማችሁ ንቀሉ፣ ከዚያ የመሙያውን ሽቦ፣ በመጨረሻ ቻርጀሩን።

መብራት ሲሄድስ?

እየሞላ እያለ መብራት ከሄደ ባትሪውን ከቻርጀሩ ንቀሉ። ተሰክቶ ከቆየ ቻርጀሩ በተገላቢጦሽ ከባትሪው ጥቂት ጥቂት ሊስብ ይችላል። ቻርጀሩንም ከግድግዳው ንቀሉት፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው። ከረጋ በኋላ ከአንደኛው እርምጃ ጀምሩ። ፕሮግራሙና አምፔሩ እንደነበሩ ናቸው ብላችሁ አትገምቱ፤ እንደገና እዩ።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ሞልተን ካላስቀመጥን፣ ቅዳሜ ጠዋት ለመንዳት ስንነሳ መብራት ባይኖርስ?

ቢ6 ዓይነቱ ቻርጀር ከግድግዳ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ከ11 እስከ 18 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል የሚቀበል ጎን አለው። ይህ ማለት የቤት ሶላር ባትሪ፣ የሞተር ሳይክል ወይም የባጃጅ ባትሪ ያበላዋል። ሒሳቡም ያዋጣል። 2ኤስ 5000 ባትሪን ከማስቀመጫው ቮልት ወደ ሙሉ ለማድረስ 20 ዋት አወር ገደማ ይበቃል። በመሀል የሚባክነውን ጨምረን ከባለ 12 ቮልቱ ባትሪ 2 አምፔር አወር ያህል ነው የሚወጣው። ባለ 7 አምፔር አወር ትንሽ ባትሪ እንኳ ትችለዋለች። እንዲህ ባለች ትንሽ ባትሪ ላይ ግን የመሙያውን አምፔር ወደ 2 ዝቅ አድርጉት። ባጃጅ ከሆነ ሞተሩ ይጥፋ፣ ባለቤቱም ይፍቀድ። ቻርጀሩ የሚያሳየው የመግቢያ ቮልት ወደ 11 ከቀረበ አቁሙ፤ አለዚያ ባጃጁ ጠዋት አይነሳም።

ባለ 12 ቮልቱ የአሲድ ባትሪ ከሊፖ በተቃራኒ ሞልቶ መቀመጥ ነው የሚወደው። ባዶውን ሲቆይ ነው የሚበላሸው። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ያ የመሙላት ልማዳችሁ ወደ እሱ ይዙር። አሲዱ ሞልቶ ይደር፣ ሊፖው በግማሽ ይደር። ጠዋት አንዱ ሌላውን ይሞላል። ከግማሽ የሚነሳ ሊፖ በአንድ ሲ ቢሞላ አንድ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል፤ በ2 አምፔር ግን ሁለት ሰዓት ግድም ጠብቁ።

ከመንዳት በኋላ፣ ወይም መንዳቱ ሲቀር

ነድታችሁ ስትመለሱ ባትሪውን ከመኪናው አውጡት። ማጥፊያው ጠፍቷል ብላችሁ ውስጡ አትተዉት። የፍጥነት መቆጣጠሪያው ጠፍቶም ቢሆን በጥቂቱ ይስባል፤ በሳምንታት ውስጥ ሴሉን ከ3.0 በታች ያወርደዋል። ከበረደ በኋላ ስቶሬጅ (ማስቀመጫ) በሚለው ፕሮግራም ላይ አድርጉት። ቻርጀሩ ራሱ ጎሎ ከሆነ ይሞላል፣ በዝቶ ከሆነ ያወርዳል።

ለመንዳት ሞልታችሁ ዝናብ ቢመጣ ወይም ለቅሶ ቢጠራችሁ አንድ ሁለት ቀን አይጎዳውም። ከዚያ በላይ አታቆዩት። ቻርጀሩ ያወርደው ካላችሁ ግን ትዕግሥት ይኑራችሁ። ቢ6 ሲያወርድ የሚችለው 5 ዋት ብቻ ነው፤ ያንን 20 ዋት አወር ለማውረድ አራት ሰዓት ይፈጅበታል። ግቢ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መንዳት ይቀላል። መኪናውን አንጠልጥሎ ጎማውን በባዶ ማሽከርከር ግን ሞተሩንና ማርሹን ይጎዳል።

የክረምት ማደሪያ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ጎጃም ጭቃ ነው። መኪናው ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይቀመጣል። ባትሪዎቹን ሁሉ 3.8 ላይ አድርጉ፣ ቀኑንና ቮልቱን በወረቀት ፕላስተር ጽፋችሁ ለጥፉባቸው። በወር አንዴ ለኩ። ጤነኛው እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚወርድ ካለ ሕመሙን እየነገራችሁ ነው።

የመሰኪያውን አፍ በፕላስቲክ ክዳን ወይም በፕላስተር ሸፍኑ። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ብሎን ያለበት መሳቢያ ውስጥ አይግባ። አይጥ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሽቦ መቀርጠፍ ስለሚወድ፣ ከአሸዋው ድስት ይልቅ ክዳን ያለው የብረት ሳጥን ይሻላል። ውስጡን በካርቶን ልበሱት፣ ክዳኑን ግን አትቆልፉት።

ቆጥ ላይ አታስቀምጡት። ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ቀን በጣም ይግላል፣ በተለይ እንደ ባሕር ዳር ሞቅ ባለው ቦታ። በቤቱ ውስጥ ዝቅ ያለ፣ ጥላ የሆነ፣ እርጥበት የሌለበት ጥግ ይበቃል። እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ያላችሁ በዚህ ታድላችኋል፤ ብርዱ ለማስቀመጥ ወዳጅ ነው። ለመንዳት ግን አይደለም። ጠዋት ቀዝቅዞ የወጣ ሊፖ ጉልበት ያንሰዋል፣ መኪናውም ቶሎ "አለቀ" ብሎ ይቆማል። ከመንዳታችሁ በፊት ጋቢያችሁ ውስጥ ትንሽ ያዙት። ሲሞላ ግን ጋቢ አይደረብበትም።

መንገድ

በአውቶብስ ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ባትሪው ጣራ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አይሂድ። የአባይ በረሃ ላይ ጣራው የሚደርስበትን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በእጅ ቦርሳ፣ በማስቀመጫው ቮልት፣ መሰኪያው ተሸፍኖ። በመስኮት ፀሐይ የሚመታው ቦታም ላይ አይቀመጥ።

በአውሮፕላን ከሆነ ከመኪናው የወጣ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ አይገባም፤ ከእናንተ ጋር ነው የሚገባው። እስከ 100 ዋት አወር ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል። ቮልቱን በአምፔር አወሩ አባዙ፤ 11.1 ሲባዛ በ5 ከ56 በታች ነው። ቁጥሩ ልባሱ ላይ የሚነበብ ይሁን፣ ፈታሹ ያንን ነው የሚያየው።

ያበጠ፣ የነደደ፣ ያለቀ

እሳት ከተነሳ መጀመሪያ ሰው ይውጣ። ጭሱ መርዝ ነው፤ ቆሞ ማየት የለም። ከቻላችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ባትሪው ድስት ውስጥ ከሆነ ደረቅ አሸዋ ድፉበትና ራቁ። እሳቱ ወደ ዕቃ ከተዛመተ፣ መብራቱ መጥፋቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብዙ ውኃ ይሠራል። ሊፖ ውስጥ እንደሚባለው ውኃ የሚያፈነዳው የሊቲየም ብረት የለም። የጠፋ የመሰለው ተመልሶ ሊነሳ ስለሚችል ወደ ቤት መልሳችሁ አታስገቡት።

ያበጠውን አትብሱት፣ ከባድ ዕቃ አትጫኑበት። ውጭ አውጥታችሁ በባለ 12 ቮልት የሞተር ወይም የባጃጅ አምፖል አውርዱት። አምፖሉን ከወፍራሙ ሽቦ ጋር አገናኙ፣ ከሚቀጣጠል ነገር አርቁ፣ ብርሃኑ ጨርሶ እስኪጠፋ ተዉት። በማግስቱ ቮልቱን ለኩ፤ ተመልሶ ከፍ ካለ ድገሙት። ጨው ውኃ ውስጥ ክተቱት የሚሉ አሉ። ጨው ብዙ ጊዜ መሰኪያውን ቀድሞ ይበላና ባትሪው ኃይሉን እንደያዘ ይቀራል፤ እኔ አምፖሉን ነው የማምነው።

ዜሮ የደረሰውን ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቆርጣችሁ በፕላስተር ጠቅልሉ። ሁለቱን በአንዴ አትቁረጡ። ግቢ ውስጥ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር አይቀላቀል። ለቆራሌውም ዝም ብላችሁ አትስጡ፤ መዳቡን ለማውጣት በድንጋይ ሊቀጠቅጠው ይችላል። የኤሌክትሮኒክስ ቅራቅንቦ የሚቀበል ሰው እስክታገኙ ከቤት ውጭ በቆርቆሮ ጣሳ ይቆይ፣ ልጆች ከማይደርሱበት።